ባለሁለት ፉርጎዋ ስትጮህ

ጃንዋሪ 10፣ ማክሰኞ

የክበቡ ዓመታዊ ስብሰባ ነበር፤ ስብሰባ ከተባለ። ከድሮው የሽመና ፋብሪካ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍላችን ሰባት ሽማግሌ በማትሞቅ ማሞቂያ ዙሪያ ተኮልኩሎ ብስኩት ሲቆረጥም አመሸ። ትሬቨር ሚድግሊ እንደገና ሊቀመንበር ሆነ፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምንጣፍ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሞዴል ባቡርንም የሚያየው በምንጣፍ ሻጭ ዓይን ነው፤ ቀለሙ ካማረ በቃው።

በማርች መጨረሻ ቶድሞርደን አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን እናሳያለን። የሸለቋችንን የድሮ ሐዲድ ከነጣቢያው ከነዋሻው በትንሹ ሠርተነዋል። እኔም ባለሁለት ፉርጎዋን የናፍጣ ባቡር አሻሽዬ ድምፅ አስገባላታለሁ አልኩ። ያቺን ሎኮሞቲቭ የማይጎትታትን፣ ሞተሯ ከወለሏ ሥር የተሸጎጠውን፣ በጉብዝናችን ጊዜ ሁላችንም ሥራ የሄድንባትን። የተቃወመኝ የለም። ምን ሊሉ ይችላሉ? ከመካከላቸው ጆሮ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ከአርባ ዓመት በላይ የጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫውቻለሁ፤ ከእነሱ አንዱ እንኳ የሙዚቃን ዶ ከሬ አይለይም።

አዲስ አባልም መጥታለች። ኢቮን ሰግደን ትባላለች። ሥራዋ የሰው ውሻ ማጠብና ፀጉሩን መከርከም ነው። ስትስቅ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ ይታያል። እቤቷ ላሉት ባቡሮች ሁሉ በገዛ እጇ ድምፅ እንዳስገባች ስታወራ አመሸች።

"ከፈለጉ እረዳዎታለሁ፣ ሚስተር አክሮይድ" አለችኝ።

የሚታጠብ ውሻ እንደሌለኝ ነገርኳት።

ጃንዋሪ 16

ባቡሯን ፈታኋት። ሞዴሏን ያመረተው ፋብሪካ ሥራ ያሳፍራል። የሾፌሩ ክፍል ባዶ ነው፤ ባቡሯ በራሷ ፈቃድ የምትሄድ ይመስል። በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል ፍየል የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። መንኮራኩሮቹ ሲዞሩ ይንገዳገዳሉ። ሁሉንም ቀየርኩ፣ መጋጠሚያውን አሳጠርኩ፣ መብራት ዘረጋሁ፣ ሾፌር አስቀመጥኩ። ከመደብር የሚሸጡት መንገደኞች ሁሉም ፈገግ ብለው ነው የተቀቡት። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚሄድ የዚህ አገር ሰው ፈገግ አይልም። አፋቸውን አንድ በአንድ ዘጋሁላቸው።

ግዌን ሰሞኑን ማጉተምተም ጀምራለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰሃን እያጠበች ታወራለች። "ምን አልሽ?" ስላት "ምንም" ትላለች። የሚገርመው ያቺን "ምንም" ብቻ ጥርት አድርጋ ነው የምትናገረው። በዚህ ዕድሜ ሚስት እንዲህ መሆን የምትጀምረው ለምን እንደሆነ አላውቅም። በፊት ቃሏ የተለቀመ ሩዝ ነበር።

ጃንዋሪ 24

ያዘዝኩት የድምፅ ቺፕ መጣ። ጥፍር የሚያህል ነገር ነው፤ የእውነተኛዋ ባቡር ድምፅ ተቀርጾበታል ይላሉ። በየፉርጎው ወለል ሥር ትንሽ ስፒከር ቀበርኩ፣ ሽቦውን በየድኩ፣ አስነሳኋት። ሞተሩ ያጓራል። ማርሽ ሲቀየር ወረድ ይልና እንደገና ይነሳል። እዚህ ድረስ ደህና፣ ትንሽ ደከም ያለ ቢሆንም። ጥሩምባዋ ግን ግማሽ ናት! የእነዚያ ባቡሮች ጥሩምባ አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም ድምፅ ነበረው፤ እነዚህ ወፍራሙን ብቻ ሰጥተውኛል። ባቡር የሚያስነሳው የጠባቂው ፊሽካ ደግሞ ጭራሹን የለም።

ቺፑን መለስኩላቸው። "ድምፅ የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ የራሱን ጆሮ ያስመርምር" የሚል ወረቀት ጨመርኩበት። ግዌን አነበበችውና ረጅም ጊዜ አየችኝ። አጻጻፌን አድንቃ ይሆናል።

ጃንዋሪ 31፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ቺፕም ያው! ፋብሪካው በሙሉ ደንቆሮ ነው።

ክበቡ ድረስ ይዤው ሄድኩና አሰማኋቸው። ኢቮን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ሁለቱም ድምፅ አለ እኮ፣ ሚስተር አክሮይድ! እንደገና ይንኩት እስቲ" አለች። ነካሁት። "ይኸው! ቀጭኑ ይቺ ናት" ብላ ልትዘፍንልኝ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣትም። ውኃው እንዳለቀበት ዓሣ አፏን ከፍታ ቆማ ቀረች። ሌሎቹም አብረው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ውሻ አጣቢ አምነው። ትሬቨር ጫማውን ያይ ነበር።

መነጽሬን ረስቼ ስለነበር ግዌን ይዛልኝ መጣች። ከኢቮን ጋር ደረጃው ላይ ቆመው የልብ ጓደኛ ይመስል ሲያወሩ አገኘኋቸው። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

ፌብሩዋሪ 5፣ እሑድ

የጸሎት ቤቱ ጉባኤ ዛሬ መዝሙር ገደለ። እኔ በትክክለኛው ፍጥነት እየሄድኩ እነሱ ኋላ ይጎተታሉ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ጭራሽ መዘመራቸውን ትተው ቁጭ አሉ። እስከ መጨረሻው ብቻዬን ተጫወትኩት። ዞር ስል ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ፓስተር ኮሊን መድረኩ ላይ መጽሐፉን ገልጦ ቆሟል።

ከአምልኮ በኋላ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ይሄ ልጅ ሰው ሲያናግር መሬት መሬት ያያል።

"ጥቂት ሳምንት ቢያርፉ ምን ይመስልዎታል?"

"ማን ነው የሚጫወተው?"

"ለጊዜው በማሽን የተቀዳ ሙዚቃ እንጠቀማለን።"

በማሽን! ሳጥን ውስጥ የገባ ኦርጋን! ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን? እቤት ስደርስ ለግዌን ነገርኳት። የምትናደድ መስሎኝ ነበር። እጄን ያዘችኝና ስለ ጆሮ የሆነ ነገር አለች። የእነሱ ጆሮ ነገር እኔንም ገርሞኛል አልኳት።

ፌብሩዋሪ 12፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። ወደ ጸሎት ቤቱ አልሄድኩም፤ ማሽናቸውን ይስሙ።

ከሰዓት በኋላ የጓሮ ክፍሌ ውስጥ ሞተሩን እያስጮህኩ ማርሹን ከፍጥነቷ ጋር ሳስማማ ግዌን ሻይ ይዛ ገባች። በሩ ላይ ቆመች። ኩባያውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ኩባያውን እያየች ማውራት ጀመረች። ረጅም ወሬ ነበር። በአንድ እጄ መቆጣጠሪያውን ይዣለሁ፤ ሦስተኛው ማርሽ አልገባ ብሎኝ ነበር። "ሐሙስ" ስትል ሰማሁ። "ትመጣ" የሚል ነገርም ሰማሁ። እህቷ ብሬንዳ ከሞርካም እየመጣች መሆን አለበት። ብሬንዳን አልወዳትም፤ እንደ መጥረቢያ የምትናገር ሴት ናት። ግን ሰው ሚስቱን ማስደሰት አለበትና ራሴን ነቀነቅኩ።

"በጣም ጥሩ! ደስ ይለኛል" አልኳት፤ ከልቤ አስመስዬ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወጣች። ሻዩን ይዛው ተመለሰች፤ እኔ ሳልቀምሰው።

ምናልባት መቆጣጠሪያውን ላስቀምጥላት ይገባኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 16፣ ሐሙስ

ሳሎኑን ጠረግኩ። ብሬንዳ የምትወደውን የዝንጅብል ኬክ ገዛሁ። ክራቫት አሰርኩ። ጠዋት ግዌን ደህናውን ካፖርቷን ለብሳ ሶፋው አጠገብ ቆመችና የሆነ ነገር አለችኝ። ብሬንዳን ከጣቢያ ልትቀበል ነው ብዬ፣ "ሂጂ፣ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ" አልኳት። በመስኮት ሳያት የኢቮን መኪና ውስጥ ገባች፤ ያ ጎኑ ላይ ፑድል ውሻ የተሳለበት አሳፋሪ መኪና።

ብሬንዳ አልመጣችም። ኬኩ ጠረጴዛው ላይ ዋለ።

ግዌን ማታ ብቻዋን ተመለሰች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃውን ወጥታ ተኛች። እራት አልበላችም። እህትማማቾቹ ተጣልተው መሆን አለበት። የሴቶች ነገር። መሃል የገባ ሰው የሚያተርፈው ዕዳ ስለሆነ አልጠየቅኳትም።

ፌብሩዋሪ 20

ግዌን ሞርካም እህቷ ዘንድ ሄደች። መጣላታቸው እንዲህ በፍጥነት አለፈ ማለት ነው። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ ወይም ስትነግረኝ አጉተምትማለች። ሻንጣዋን በሩ ላይ ይዛ፣ ከመውጣቷ በፊት፣ "ሂድና ድከም፣ በርናርድ" አለችኝ።

ድከም! ስንት ዓመት አብሯት ለኖረ ሰው የምትተወው ስንብት ይሄ ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋለች፤ "ውስጥ ሾርባ አለ።"

ይሁን። ቢያንስ አሁን እንደ ልቤ እሠራለሁ።

ማርች 6፣ ማክሰኞ

ፋብሪካው የሰጠኝ ስፒከር ትንኝ ነው። ከሁለተኛው ፉርጎ ሽንት ቤቱንና ስድስት መንገደኛ አንስቼ የተሻለ ትልቅ ስፒከር አስገባሁ። የድምፁን መጠን ጫፍ አደረስኩት። አሁን ገና ባቡር ሆነች! ጠረጴዛው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ግድግዳውን ይመታ ነበር መሰለኝ፤ የሠርጋችን ፎቶ ከሚስማሩ ወረደ። መስታወቱ አልተሰበረም። ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ስልክ የለም። ግዌን ደውላ ይሆን? ስልኩም ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ሾርባው ካለቀ ቆይቷል።

ማርች 20፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ልምምድ። ባቡሯን ከዋሻው አስወጣኋት፣ ጣቢያው ላይ አቆምኳት፣ እንደገና አስነሳኋት፤ አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንዱ ሽማግሌ ብስኩቱን ጣለ። ትሬቨር እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ ቀልቷል። "ቀድሰው! በርናርድ፣ ኧረ በፈጠረህ፣ ቀድሰው!" አለኝ።

ትሬቨር ሃይማኖተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። በፓስተሩ እናስቀድሰዋለን ወይ ብዬ ስጠይቀው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። ምንጣፍ ሻጭ ስሜቱ ሲነካ እንዲህ ይሆናል።

ኢቮን ስለ ግዌን ጠየቀችኝ። ደህና ናት፣ ከእህቷ ጋር እየተዝናናች ነው አልኳት። ይቺ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየኋት።

ማርች 24፣ ቅዳሜ

መጻፍ አለብኝ።

አዳራሹ ጠዋት ሞላ። አባቶች፣ እናቶች፣ ቡና በወረቀት ኩባያ የያዙ ጎረምሶች፤ ሐዲድ አይተው የማያውቁ ይመስል የሚያፈጡ። ባቡሯን አስነሳኋት። አንዲት ሴት ሁለት ጆሮዋን ይዛ ሕፃኗን እየጎተተች ሸሸች። ሌላው ሕፃን አለቀሰ። ከጎናችን መጻሕፍት የሚሸጠው ሰውዬ መጥቶ አፉን ሲያንቀሳቅስ ቆየ። የዛሬ ሰው እውነተኛ ሞተር አይችልም ብዬ ደገምኩት። ጥሩምባውንም ነፋሁ። ያ ግማሽ ጥሩምባ።

ባቡሯ ዋሻው አፍ ላይ ድርቅ አለች። ትሬቨር የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ በእጁ ይዞት ቆሟል።

"በሰው ፊት ታዋርደኛለህ?" አልኩት።

"ሰው የት አለ?" አለኝ፤ ይሄን ሰማሁት፣ እየጮኸ ስለነበር። ዞር ብዬ አየሁ። ጠረጴዛችን ዙሪያ ማንም የለም። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ባዶ ነው። ሁሉም ከሩቅ ያዩናል።

ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። ምንጣፍ የሚል ቃል ነበረበት፣ ደንቆሮ የሚልም ነበረበት። ያኔ ኢቮን ክንዴን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ወሰደችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው፤ የውሻ ፊት እንደምትይዘው።

"አፌን እየው" አለችኝ። "እየኝ፣ አንተ።"

አንተ አለችኝ።

"ግዌን ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ሐሙስ ሆስፒታል ምርመራ አለኝ፣ አብረኸኝ ትመጣለህ ወይ ብላ ጠየቀችህ። ምን አልካት? በጣም ጥሩ፣ ደስ ይለኛል! ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ክራቫት አስረህ ሶፋ ላይ ተቀመጥክ። ሂጂ አልካት። የወሰድኳት እኔ ነኝ። በር ላይ ጠብቄ የመለስኳትም እኔ ነኝ።"

እያንዳንዱን ቃል አየሁት።

"እና?" አልኳት። "ምን አሉ? ውጤቱ ምን ሆነ?"

"እሱን ከእኔ አትሰማም። ሂድና እሷን ጠይቃት!"

መጋረጃው ጀርባ የተጣጠፉ ወንበሮች ነበሩ። አንዱን መዘርጋት አቅቶኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ኢቮን ባቡሯን ከነሳጥኗ አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረቻት። መለስኩላት።

"ድምፁን ያንቺ ጆሮ እንደወደደው አድርጊው" አልኳት። "ጥሩምባው ሁለት ድምፅ አለው?"

"ሁለት አለው፣ ሚስተር አክሮይድ። ሁሌም ሁለት ነበረው።"

ውሻ አጣቢ ናት። ይህን ሁሉ ሳምንት በዚህ ደብተር ውስጥ እንዲህ እያልኩ የጻፍኩባት እኔ ደግሞ ምን ነኝ?

ማርች 25፣ እሑድ፤ ሞርካም

ጠዋት የመጀመሪያውን ባቡር ያዝኩ። የአውቶቡስ ገላ አንስተው ሐዲድ ላይ ከጫኑባቸው ከእነዚያ ቆርቆሮዎች አንዱ ነው፤ ዲዛይን ያደረገው ሰው መቀመጫ የሌለው ሰው መሆን አለበት። ከሞተሩ በላይ ተቀመጥኩ። ወለሉ ጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማርሽ ሲቀየር በጉልበቴ አወቅኩት። ፊት ለፊቴ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ነበር። አፋቸውን ሳይ ነበር። አንድም ቃል አልሰማሁም። እስከ ዛሬ ቢሆን አጉተምታሚዎች ብዬ እጽፍባቸው ነበር።

በሩን ብሬንዳ ከፈተችው። "ኧረ! ጆሮ ዳባ መጣ" አለች። የዚህች መጥረቢያ ድምፅ ሁሌም ይሰማኛል። ውስጥ አላስገባችኝም። ግዌን ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ከስታለች።

ባሕሩ ዳር ወዳለው ግንብ ሄድን። ማዕበሉ ርቆ ሸሽቷል፤ ጭቃው እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ከእሷ በስተግራ ልሄድ ስል ገፍታ ወደ ቀኝ አዞረችኝ። "በዚህኛው ጆሮህ ትንሽ ትሰማለህ" አለች። እሷ ይሄን ታውቃለች። መቼ አወቀች?

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

ቆማ ወደ እኔ ዞረች። ቀስ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ "ክፉ አይደለም። አወጡት። ክፉ አይደለም" አለች።

ግንቡን ይዤ ቆምኩ።

"ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም? ለምን አልጮህሽብኝም?"

"መጀመሪያ እንዳልሰማህ አሰብኩ" አለች። "ከዚያ ደግሞ ሰምቶ እንደሆነስ አልኩ። ሰምቶ በጣም ጥሩ ብሎኝ እንደሆነስ? ጠይቄህ፣ አዎ ሰምቼሻለሁ እንዳትለኝ ፈራሁ፣ በርናርድ።"

ይሄን ደግማ እንድትነግረኝ አልጠየቅኳትም። አንዱንም ቃል አልሳትኩትም፤ ብስተው በወደድኩ።

"ስትሄጂ ድከም ብለሽኛል" አልኳት።

"ምን?"

"ሂድና ድከም።"

"ታከም ነው ያልኩህ! ሂድና ታከም!" አለች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋን አየሁት፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ካፖርቴን ከፍቼ አስገባኋት። ደረቴ ላይ ሆና የምትለው ነገር ነበር፤ ድምፁ አጥንቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይደርሰኝም። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን "አዎ፣ አዎ" ብዬ አልፈው ነበር።

"ግዌን፣ አልሰማሁሽም" አልኳት።

ይህችን ቃል ተናግሬያት አላውቅም ነበር። "ምን አልሽ?" ብዬ ቁጣ በተቀላቀለበት ድምፅ ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። "አልሰማሁሽም" ግን ሌላ ነው። ተናጋሪው ላይ አይወድቅም።

ከካፖርቴ ወጥታ አፍንጫዋን ጠረገች። ማክሰኞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ካልሄድኩ ወደ ቤት እንደማትመለስ ነገረችኝ። በትክክል መስማቴን ለማረጋገጥ፣ "እሄዳለሁ፣ ማክሰኞ፣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ" ብዬ ቃሏን መልሼ ነገርኳት። ትክክል ነው አለች።

"እስቲ አሁን ያንን ቀን ንገሪኝ" አልኳት። "በሩ ላይ ቆመሽ የነገርሽኝን። ከመጀመሪያው፣ ሁሉንም።"

"አሁን ምን ይሠራል? አልፏል እኮ።"

"ንገሪኝ።"

ግንቡ ላይ ተቀመጥን። ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ጀመረች፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዴት እንዳገኘችው፣ ስንት ቀን ለማንም ሳትናገር እንደቆየች፣ ሻዩን እያፈላች የምትለኝን ስንት ጊዜ እንደተለማመደች። ነፋሱ እየመጣ ቃሏን ይወስድብኝ ነበር። በወሰደ ቁጥር እጄን አነሳለሁ፤ እሷም ትደግምልኛለች። ብርድ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ፈጀብን።

ያልሰማሁት ላይ ራሴን አልነቀነቅኩም።